ፈይሳን ምን ያስቸኩለዋል?

ሥራ ፈቶ ቤት የተቀመጠ ሰው ምን ያስቸኩለዋል? ይቺን ጥያቄ ሦስት ወር ሙሉ በሆዴ ይዣት ከርሜአለሁ። ባሌ ፈይሳ ኮምፒውተር ላይ የከባድ መኪና ጌም ይጫወታል። ይጫወት፤ የትም ሄዶ ከሚውል እዚሁ ዓይኔ ሥር ቢጫወት እኔ ምን ቸገረኝ። ግን ያፈጥነዋል። አንዲት ቁልፍ አለች፤ እሷን ሲጫናት መኪናው ያብዳል፣ ዛፉና የመብራት እንጨቱ ተደባልቆ ያልፋል፣ የአንድ ሰዓት መንገድ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል። ከዚያ ሌላ ጭነት ይጭንና እንደገና ያፈጥናል። አሥራ አንድ ዓመት በበርበራና በቶጎ ውጫሌ መካከል እውነተኛ ተሳቢ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ አሁን ቀጠሮ የለበት፣ አለቃ የለበት፣ የውሸት መኪና ይዞ የት ለመድረስ ነው እንዲህ የሚጣደፈው? ስጠይቀው "ቀጥ ያለው መንገድ ይሰለቻል" ይለኛል። እንዴ! ከሰለቸህ ዝጋውና ተነስተህ የተቃጠለውን አምፖል ቀይርልኝ።

ቤት ከዋለ ሰባት ወሩ ነው። ከበርበራ ሲወጡ ያለው ሜዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሚነዳው መኪና ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። የፊት ጎማ ፈንድቶ ነው ተባለ። ፈይሳ የትከሻው አጥንት ተሰበረ። ረዳቱ አዋሌ፣ የአርባ ዓመት ሰው፣ የአምስት ልጆች አባት፣ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። የአዋሌ ጎሳ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ተነጋገሩ፤ አዋሌ ራሱ ከሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ "ጎማ ነው" ብሎ ስለመሰከረ፣ ጎማ ደግሞ የአላህ ቀደር፣ የእሱ ውሳኔ ስለሆነ፣ ባሌ ላይ ጣቱን የቀሰረ ሰው የለም። ባለመኪናው ሐጂ ሂርሲ ድሬዳዋ ያደጉ፣ አማርኛቸው ከእኔ የሚሻል ሰው ናቸው፤ "አጥንትህ ይግጠም እንጂ ቦታህ አለ" አሉት። እነሆ ገጠመ። ነገ ቅዳሜ፣ ሌላው ሾፌር ስለታመመባቸው፣ ከነጭነቱ እዚህ ሀርጌሳ የቆመውን መኪና ይዞ ድንበሩ ላይ ቶጎ ውጫሌ ሊያደርስ ነው። ብቻውንም አይሄድም። ታናሽ እህቴን እፀገነትን፣ ከነስምንት ወር ሆዷ፣ ጋቢና ውስጥ አሳፍሮ ነው የሚሄደው። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፤ እናታችን ጅጅጋ ገንፎዋን አዘጋጅታ እየጠበቀች ነው።

ሸዋርካብሽ ተጠራጣሪ ናት ይሉኛል። አዎ ነኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው ካልጠረጠረ ጆሮ የለውም ማለት ነው። ሐሙስ ሐሙስ ጭንቅላታቸውን ሰጥተውኝ የሚቀመጡት ሙሽሮችና የሙሽራ እናቶች የማይነግሩኝ የወንድ ጉድ የለም፤ ሱማልኛዬ ቢሰባበርም ለጉድ ይበቃኛል። እና የእኔውን ጉድ እንዴት ልለፈው? አንደኛ፣ ስገባ የኮምፒውተሩን ክዳን ይዘጋል። ሁለተኛ፣ ቆሞ ነው የሚጫወተው። ወንበር እያለው፣ እኔ የገዛሁለት ወንበር፣ ኮምፒውተሩን መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ እንደ ዘበኛ ተገትሮ ይጫወታል። ሦስተኛ፣ ፊቱን ይታጠባል። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ አይደለም፣ በአንድ ከሰዓት ስድስት ጊዜ ቆጥሬበታለሁ፣ ውሃ በአህያ ጋሪ በሚገዛበት ከተማ። ለማን ነው የሚቆነጀው? አራተኛ፣ በር ላይ ሆኜ ስሰማ ለብቻው ያወራል፤ "ተነስ፣ ተነስ፣ ተነስ" ይላል በሹክሹክታ። ማን ነው የሚነሳው? ወዴት ነው የሚነሳው? የጎረቤቴ የሻምሶ ወንድም በባሕር ወደ አውሮፓ የጠፋው እንዲሁ በስልክ ሲንሾካሾክ ከርሞ ነው። አምስተኛውን ለመናገር ራሱ ያመኛል። በግራ ክንዱ በውስጥ በኩል የጥፍር ምልክት አለ። ትኩስ፣ ቀይ፣ አራት አራት ሆኖ የተሰለፈ። የሴት ጥፍር ሥራ የእኔ ሙያ ነው፤ የጥፍር ምልክት አይጠፋኝም።

ዛሬ ዓርብ ጠዋት እፀገነት ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ሰው ቤት ትሠራ ነበር፣ እዚሁ ጋአን ሊባህ ሰፈር፤ አሠሪዎቿ እስክትወልድ ፈቅደውላት፣ ለሕፃኑ ልብስ ጭምር ሰጥተው ነው የላኳት። ባሏ በርበራ ወደብ ላይ ነው። የእኛ ቤት አንዲት ክፍልና አንዲት በረንዳ ናት፤ በወር ሰባ ዶላር እንከፍላለን፤ አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ የኮምፒውተሩ መደርደሪያ፣ መሬት ላይ የተነጠፈው ፍራሽ፣ ከዚያ በኋላ ለሰው የሚቀረው ቦታ አንድ ምንጣፍ ያህል ነው። እፀገነት ፍራሹ ላይ ትራስ ደግፋ ተቀመጠች፣ ላሖሕ፣ የሱማሌውን ስስ እንጀራ፣ በዘይትና በስኳር አቀረብኩላት፣ እሷ እየበላች ስለ ሚኒባስ ዋጋ አወራን። ዋጋው እንኳ አይደለም፣ ሚኒባሱ አራት ሰው በሚቀመጥበት አምስት ይጭናል፣ ኬላው ላይ ያቆማል፣ ሰውነቷን ያንገላታል። የሐጂ ሂርሲ መኪና ደግሞ ከሾፌሩ ኋላ አልጋ አለው። "እግሬን ዘርግቼ ተኝቼ እደርሳለሁ" አለች ደስ ብሏት። ፈይሳ መስኮቱ ጋ ቆሞ ይጫወታል። እንግዳ ስላለ ክዳኑን አልዘጋም።

ያኔ ነው ደህና አድርጌ ያየሁት። ጠመዝማዛው ላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ ከተማ ውስጥ ሲገባ፣ ኮንቴይነሩን ወደ ኋላ እየገፋ ሲያቆም፣ በዝግታና በጥንቃቄ፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ይነዳል፤ ጎበዝ ሾፌር መሆኑን እኔ ሴቲቱ ሳልቀር አያለሁ። መንገዱ ቀጥ ሲል ግን ቁልፏን ይጫናል፤ ያች ሜዳ ሽው ብላ ታልፋለች። እንደገና መታጠፊያ ሲመጣ ይለቃታል። እፀገነት ሳቀች። "ጋሼ፣ አንተስ አስቸጋሪውን ነው የምትወደው። ሌላ ሰው ቢሆን አደገኛውን ይዘል ነበር እኮ።" እሱም ሳቀ፤ ከልቡ ግን አልነበረም። "ነገስ እንዲህ ነው የምትነዳን?" አለችው። "ነገማ ቀስ ብዬ ነው። አንቺ እንቁላል ነሽ" አላት። ከዚያ ወጥቶ ፊቱን ታጠበ። እኔ ክንዱን አየሁ፤ አዲስ ምልክት ነበረው። ከትናንት ማታ ጀምሮ ከግቢ አልወጣም።

ዓይኔን በዓይኑ ፈለግኩት፣ አላገኘሁትም። እህቴ መካከላችን ተቀምጣ ላሖሕዋን ትጠቀልላለች፣ አውሮፕላን ጣራችንን ሊነቅል ምንም ሳይቀረው ወደ ማረፊያው ወረደ፣ ሻምሶ ከግቢው ማዶ ፍየሏን ትሳደባለች፣ ባልና ሚስት ግን ዝም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኛ ግን ነቅዞ ነበር። አራት ሰዓት ሲሆን ሐጂ ሂርሲ ደወሉለት፤ ጋራዥ ሄደው መኪናውን አብረው ሊያዩ፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ደግሞ ሐጂ እኛ ቤት ምሳ ሊበሉና ቁልፉን ሊያስረክቡት። ፈይሳ እንደወጣ ኮምፒውተሩን በነጠላ ጠቀለልኩት። እፀገነት "እትዬ፣ ወዴት ነሽ?" አለችኝ። "አምፖል ልገዛ" አልኳት። የውሸቴ ዓይነት እንኳ አያምርም። ሂጃቤን ደርቤ፣ ባጃጅ ይዤ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ወረድኩ።

ዓብዲወሊ ኮምፒውተሩን የሸጠልን ልጅ ነው፤ ልጅ ስል ሠላሳ አልፎታል። አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አድጎ፣ አሥረኛ ክፍል ሲደርስ ቤተሰቡ ወደዚህ የተመለሰ፣ አማርኛ የሚናገር ሰው ሲያገኝ ፊቱ የሚበራ። ሱቁ አንድ ሰው ቆሞ አንድ ሰው ተቀምጦ የሚሞላት ናት፤ ግድግዳው የተፈታታ ስልክና ገመድ ብቻ። ለሰላት ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ኮምፒውተሩን ፊቱ አስቀመጥኩና ሰላምታ እንኳ ሳልጨርስ "ከማን ጋር ነው የሚጫወተው? እውነቱን ንገረኝ" አልኩት።

"ከማንም" አለኝ። ከፍቶ አሳየኝ። "ይሄ ለብቻሽ የምትጫወቺው ነው እህቴ። ኢንተርኔትም አልተቀጠለለትም። ማዶ ሰው የለም፣ ወላሂ። መንገዱ አለ፣ መኪናው አለ፣ እሱ አለ። በቃ።"

"ታዲያ ለምን ያፈጥነዋል?"

"ማፍጠኛውን የጫንኩለት እኔ ነኝ። ስንቱ ያስጭናል መሰለሽ። እርሻ የሚጫወተው ሰብሉ እስኪደርስለት ይሰለቸዋል፣ ከተማ የሚሠራው ቤቱ እስኪያልቅ ይሰለቸዋል። ቁጥር ነው፣ ይኸውልሽ፤ አንድ ካልሽው እንደ ወትሮው ይሄዳል፣ አሥር ካልሽው በአሥር እጥፍ ይሮጣል። ለብቻሽ እስከተጫወትሽ ማንን ታታልያለሽ? ማንንም።" ጺሙን አሸት አሸት አደረገ። "የእሱ ግን ሌላም ነገር ነበረው። ጌሙ ውስጥ ሾፌሩ ብዙ ከነዳ ያዛጋል፣ ስክሪኑ ጨለም ጨለም ይልብሻል፣ አቁመሽ ተኚ ይልሻል። 'ይሄን ማዛጋት አጥፋልኝ' አለኝ። ይሄን የጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። አጠፋሁለት።"

ልቤ እዚያ ላይ አልነቃም ነበር። እኔ እኮ የሴት ፎቶ ነበር የምፈልገው። "ሌላስ?" አልኩት፣ ኮስተር ብዬ።

ሳቀ። "ሌላማ፣ መጀመሪያ የመጣ ቀን እዚችው በርጩማ ላይ አስቀምጬ አስሞከርኩት። መሪውን ወደ ቀኝ ጎን አዛወርኩለት፣ እንደ እዚህ አገር መኪና። ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ ነበር። እኔ ስልክ ስጠግን፣ ሩብ ሰዓትም አልሆነ፣ ዞር ስል ተኝቷል። ተቀምጦ! ዓይኑ ግማሽ ክፍት ነው፣ እጁ መንጃ ቁልፎቹ ላይ ነው፣ መኪናው ቦይ ውስጥ ነው። ነቀነቅኩት። 'አልተኛሁም' ብሎ ተቆጣኝ። ሾፌር ሲያርፍ ድካሙ ይወጣል ብዬ ስቄ ተውኩት። ሲመለስ፣ 'ቀጥ ያለውን ቦታ ቶሎ የሚያሳልፍ ነገር የለም ወይ?' ብሎ ጠየቀኝ። ማፍጠኛው ያኔ ነው የመጣው።"

ኮምፒውተሩን መልሼ በነጠላዬ ጠቀለልኩና ወጣሁ። መንገዱ ላይ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ወንዶች በገፍ ወደ መስጊድ ይጎርፋሉ፣ ባጃጅ ጠፋ፣ እኔ በእግሬ ሄድኩ። ቆሞ የሚጫወተው ለምን እንደሆነ፣ ውሃውን ስድስት ጊዜ ፊቱ ላይ የሚያፈሰው፣ "ተነስ" የሚለው ለማን እንደሆነ፣ ጥፍሩ የማን እንደሆነ ገባኝ። የራሱ ጥፍር ነው! ሦስት ወር ሙሉ ሌላዋን ሴት ስፈልግ ባሌ በገዛ ጥፍሩ ክንዱን እየቆነጠረ ከእንቅልፉ ጋር ይታገል ነበር። ብታምኑኝም ባታምኑኝም መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ሴት የለችም! ደስታው አንድ መታጠፊያ እንኳ አልሄደልኝም። ያ በርበራ መውጫ ያለው ሜዳ ትዝ አለኝ። ቀጥ ያለ መንገድ። ጎማ።

ደግሞስ እኔ ነኝ ጫቱን ያስጣልኩት። ይሄንንም ልናገረው። አሥር ዓመት ሲነዳ ጉንጩ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ እዚህ መስመር ላይ ያለ ሾፌር ሁሉ እንደዚያው ነው። እኔ ግን በየቀኑ ስጨቀጭቀው፣ አምና ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ፊት አስምዬ አስጣልኩት። ድሬዳዋ ድረስ ወስጄ ነው ያስማልኩት። እናቴ እልል አለች። ከዚያ ወዲህ ምሳ ሲበላ ጉርሻው አፉ ውስጥ ሆኖ ዓይኑ ሲከደን አይቼ "ጫቱ ሲወጣለት ነው፣ ይለመዳል" እል ነበር። ሰው የማይመልሰው እንቅልፍ በውስጡ እንዳለ፣ ጫቱ አፍኖት እንደኖረ፣ እኔ ፀጉር ሠሪዋ ከየት ልወቀው? ከማለ በኋላ በአምስተኛው ወር ነው መኪናው የተገለበጠው። አይ ሸዋ፣ ሁሉን ስትጠረጥሪ ራስሽን ብቻ ረሳሽ።

ቤት ስደርስ ፈይሳ ተመልሷል። እንደ ሙሽራ ታጥቦ፣ ያችን የሥራ ሸሚዙን ለብሶ፣ ሰባት ወር ያላየሁትን ፊት ይዞ። ማጀት ጠራሁት፤ ማጀት ማለት በረንዳችን ላይ በቆርቆሮ የተከለለችው ናት። "ነገ አትሂድ" አልኩት። "ምን ሆነሻል?" አለኝ። "ትተኛለህ" አልኩት። ክንዱን ወደ ኋላው ሸሸገ። "ዓብዲወሊ ጋ ሄጄ ነበር" አልኩት። "የምን እንቅልፍ? ያ ልጅ ቀባጣሪ ነው። ሦስት ወር ስነዳ አይተሽኝ የለም እንዴ? ግጭት የለ፣ ምን የለ።" "አፍጥነኸው እኮ ነው።" "እሱ ጨዋታ ነው!" "ታዲያ እፀገነትን ተዋት፣ ብቻህን ሂድ።" ይሄን ስለው ፊቱ ተለወጠ፣ የተሰደበ ያህል። "ለሐጂ ምን ልበላቸው? ሚስቴ አላመነችኝም ልበል?" የበሩ ብረት ተንኳኳ። ሐጂ ሂርሲ ነበሩ።

ምሳ ሩዝ በፍየል ሥጋ ነበር፣ ሙዝ ከጎኑ። ሐጂ ከእፀገነት ጋር ስለ ድሬዳዋ ቀዝቃዛ ውሃና ስለ ልጅነታቸው ቀፊራ ገበያ ያወራሉ፤ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ከትሪው አጠገብ ምንጣፉ ላይ አስቀምጠውታል። እኔ እህል አልወርድልሽ አለኝ። ብናገር የባሌ እንጀራ ያልቃል፤ እንጀራው ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ አዋሌ እግሩን ያጣው በማን እንደሆነ ይነሳል፣ ሽማግሌዎቹ እንደገና ይቀመጣሉ፣ እኛ ደግሞ በሰው አገር ጎሳ የለን፣ ወገን የለን። ዝም ብል ግን እህቴ ነገ ጠዋት እግሯን ዘርግታ ከኋላው ትተኛለች። ከፊቴ ሆዷን በእጇ ደግፋ ሙዝ ትልጣለች። ፈይሳ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም፤ እንዳትናገሪ ይለኛል፣ ይለምነኛል። ባሌን እወደዋለሁ። ይሄንንም ልናገረው።

እጄን ታጥቤ ተነሳሁ። ኮምፒውተሩን ከነጠላው ፈታሁና ፊቱ፣ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት። "ሐጂ፣ ሾፌርዎ ሰባት ወር ከሥራ ርቆ እጁ እንዳልሰነፈ አይተው አያውቁም" አልኩ። "እስቲ ይንዳልዎት።" ሐጂ ሳቁ። "አሁን ይሄ የልጅ ነገር ምን ያደርግልናል?" "ለእኔ ሲሉ።" ፈይሳ እንደ ድንጋይ ደርቆ አየኝ። እንቢ ማለት ይችል ነበር። እንቢ ያለ ሰው ግን ምን ተብሎ ይጠረጠራል? ተጎትቶ ቀረበ። ሊቆም ሲል "ተቀመጥ እንጂ፣ መኪና ቆሞ ይነዳል?" አልኩት። ጨካኝ ነኝ። ቁጥሩን ዓብዲወሊ እንዳሳየኝ ወደ አንድ መለስኩት፣ ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ያለበትን ጭነት አስመረጥኩት፣ እኔም ከጎኑ ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ አማረበት። ከከተማው ሲወጣ ሐጂ "ማሻአላህ" አሉ፤ ኮንቴይነሩን በጠባቡ በር ሲያሳልፍ እፀገነት አጨበጨበች። ከዚያ መንገዱ ቀጥ አለ። ሜዳ፣ ሰማይ፣ ነጭ መስመር። ሞተሩ በአንድ ድምፅ ያጉረመርማል። ሐጂ ስለ ጎማና ስለ ነዳጅ ይጠይቁታል፣ ይመልሳል። ቤቱ በቆርቆሮው ይሞቃል። ግራ እጁ ወደ ክንዱ ሊሄድ ሲል አየሁት፤ ሐጂ እያዩት ስለሆነ መለሰው። አምስት ደቂቃ፣ ስምንት ደቂቃ። "ጋሼ፣ ቁርስ የት ነው የምንበላው?" አለችው እፀገነት። "ከዚህ በአሥራ አንድ ሰዓት እንነሳለን" አለ፣ "ገቢሌን አለፍ ስንል አንድ ሻይ ቤት አለ፣ እዚያ..." ድምፁ ቀጠነ። ዓይኑ አልተከደነም። አንገቱም አልወደቀም። ብቻ ውስጡ ሰው አልነበረም። መኪናው ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳይቸኩል፣ ነጩን መስመር አለፈ፣ ጠጠሩ ላይ ወጣ፣ ተጋደመ። እፀገነት የሚቀልድ መስሏት ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። ማናችንም አልነካነውም። እስከ ሃያ ብቆጥር ነው። "...እዚያ ቁርስ እንበላለን፣ ትኩስ ላሖሕ አላቸው" አለና ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰ። ፈገግ ብሎ እፀገነትን አያት።

ሐጂ ሂርሲ ስክሪኑን አሳዩት። የተጋደመውን መኪና አየና ፊቱ አመድ መሰለ። "አልተኛሁም" አለ። እፀገነት ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ሸሸች። ሐጂ ቁልፉን ከምንጣፉ አነሱና ኪሳቸው ከተቱት፤ ሲከቱት ድምፅ እንዳያሰማ የተጠነቀቁ መሰለኝ። "አስተግፊሩላህ" አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ፈይሳ፣ ጎማው ፈንድቶ ነበር?"

"ከተገለበጥን በኋላ ነው የፈነዳው" አለ።

"ጎማ ነው ብሎ የነገረኝ አዋሌ ነው። አንተ አይደለህም። አዋሌ ነው።"

ፈይሳ አለቀሰ። አሥራ አራት ዓመት በትዳር ስንኖር ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ አባቱ ሲሞት እንኳ። "ሲጮህ ነው የነቃሁት። መኪናው እግሩ ላይ ነበር። ጋቢናው ሥር ተጋድሞ፣ ደሙ እየፈሰሰ፣ 'ጎማ ነው በል' አለኝ። 'እኔ ሰው አለኝ፣ አንተ እዚህ ማን አለህ? ጎማ ነው በል' አለኝ።" አፍንጫውን በሥራ ሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። "ሦስት ወር ሞከርኩ ሐጂ። ያን ቀጥ ያለ መንገድ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ሳልተኛ ብጨርሰው እሄዳለሁ ብዬ። አልቻልኩም። አፈጠንኩት። ሳፈጥነው ደህና የሆንኩ መሰለኝ።"

"እህቷን ይዘህ?" አሉት ሐጂ።

"ጥፍሬ አለኝ ብዬ ነበር" አለ። ክንዱን ገልጦ አሳያቸው።

ሙዙ ላይ ዝንብ አረፈ፤ ማንም እሽ አላለውም። ሐጂ ሲነሱ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ "ለብቻዬ አትነግሪኝም ነበር?" አሉኝ። "ብነግርዎት ያምኑኝ ነበር? ሸዋ ተጠራጣሪ ናት ይሉ ነበር እንጂ" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። በር ላይ ጫማቸውን ሲያደርጉ አዋሌ ቤት እንደሚሄዱ ነገሩን። "ልቆጣው ይሁን ግንባሩን ልስመው አላውቅም" አሉ። "አንቺ ግን ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ይሄ ስንፍና አይደለም፣ በሽታ ነው፣ አባቴ ይሙት።" ብረቱ በር ተዘጋ።

እፀገነት ስልኳን አወጣች። ለባሏ ደውላ በሚኒባስ እንደምትሄድ ነገረችው፤ ለምን እንደሆነ አልነገረችውም፣ እዚያው ሆኖ በስልክ የፊት ወንበር እንዲያስይዝላት ብቻ አለችው። ከዚያ እየተንፏቀቀች ተነስታ ትሪውን ልታነሳ ስትል ተቆጥቼ አስቀመጥኳትና ራሴ አነሳሁት። ሳህን አጠብኩ። ሩዙን ለሻምሶ ፍየል ሰጠሁ። የማላውቀውን ያህል ጊዜ ማጀት ቆየሁ፣ ምክንያቱም ፊቱን ማየት ፈርቼ ነበር። ባሌን በአሠሪው ፊት፣ በእህቴ ፊት፣ ልብሱን እንደመግፈፍ ነው ያደረግኩት። ሽማግሌዎቹ ምን ይሉ ይሆን? አዋሌ ምን ይል ይሆን? ከሐሙስ ሙሽሮች በቀር ገቢ የሌለን ሰዎች ነን ከዛሬ ጀምሮ። ይሄ ሁሉ ሆዴ ውስጥ ነበር፤ ቢሆንም ነገ ጠዋት በአሥራ አንድ ሰዓት እህቴ እዚያ መኪና ላይ ስለማትወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታና ሐፍረት ባንድ ሆድ አብረው ያድራሉ፣ ማን አያድሩም አለ።

ስመለስ ፈይሳ እዚያው ምንጣፉ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ቁጭ ብሏል። ኮምፒውተሩ ተዘግቷል። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ልብሱን ጠቅልሎ ይሄዳል ብዬ ነበር፤ ጥርጣሬ እንደሆነ ልማዴ ነው፣ አይለቀኝም። ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ደም መስሏል፣ ከሥሩ ጠቁሯል፤ ሦስት ወር ሙሉ ከጎኔ ሆኖ ያንን ዓይን ያላየሁት እኔ ነኝ።

"ሸዋ" አለኝ፣ እንደ ልጅ፣ "አሁን ልተኛ?"

ፍራሹን ዘረጋሁለት። "ተኛ" አልኩት። ጭንቅላቱ ትራሱን ሳይነካ ተኛ።